የበረሃ ወይራና የእንግዳው ዛፍ



ባለፈው ወር ከባለቤቴ ጋር ከአዋሽ ሰባት ተነሥተን ወደ ሰመራ ሄደን ነበር። በዚያ ያሉ እህቶች የሁለት ቀን የጾም ጸሎት ይዘው ኖሮ «ቃሉን አንቺ ታካፍይናለሽ» ብለው ደወሉልኝ። የሰጡኝ ርእስ «አምልኮና ለአይሁድ ሕዝብ መጸለይ» የሚል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ርእሱን ስሰማ ደስ አላለኝም። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሎጊያን አልፎ ሰመራ እስኪደርስ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተከታትለው ይመጣሉ። እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ሮሜ ምዕራፍ 11 ላይ ገልጬ በጭኔ ይዣለሁ፤ ዓይኔ ግን በመስኮቱ ወደ ውጪ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ያው አንድ ዓይነት ዛፍ ነው፤ ፕሮሶፒስ። አንዳንዱ ሰው «የደርግ ዛፍ» ይለዋል።

ይህ ዛፍ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። የትውልድ ቦታው አሜሪካ ሲሆን በደርግ ዘመን ጥላ እንዲሆን፣ በረሃውንም እንዲያለመልም ተብሎ በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ። ከብቱና ፍየሉ ፍሬውን ይበላል፤ ዘሩ በእበቱ ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ ይበተናል። ዛሬ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን ያሰማራበት የነበረውን ሣርና ግራር እያነቀ መሬቱን ወርሶታል። እሾሁ የሰውን እግር ይወጋል፤ የመኪና ጎማም አይተርፈውም። ገዋኔ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ አንድ አፋር ሽማግሌ ለባለቤቴ እንዲህ አሉት፤ «እንግዳ ነው ብለን ተቀበልነው። አሁን ባለቤት ሆኖ እኛን ውጡ ይለናል።»

ወደ መኪናው ተመልሼ የገለጥሁትን ምዕራፍ እንደገና ሳነበው ቃሉ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 11፥17-24 ከአሕዛብ ወገን ለሆንነው አማኞች ሲናገር በበረሃ ወይራ ይመስለናል። ከገዛ ግንዳችን ተቆርጠን፣ በጸጋ በመልካሙ ወይራ ውስጥ ገብተን፣ ከሥሩ ስብ የምንካፈል እንግዶች ነን። ስለዚህ በቅርንጫፎቹ ላይ እንዳንመካ አጥብቆ ያስጠነቅቀናል፤ ሥሩ እኛን ይሸከማል እንጂ እኛ ሥሩን አንሸከምም። እንግዳ የሆነ ዛፍ ሁለት ዓይነት ኑሮ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ወይ ከሥሩ እየጠጣ በትሕትና ያፈራል፤ ወይም እንደ ፕሮሶፒሱ የተቀበለውን አንቆ ይወርሳል። ቤተ ክርስቲያን በታሪኳ ሁለቱንም ሆናለች። እኔም ብሆን ሁለቱንም ሆኛለሁ።

አሁን ርእሱ ለምን ደስ እንዳላለኝ ልንገራችሁ።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ፣ በአዋሽና በዶፈን አካባቢ መሬቱ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በታኅሣሥና በጥር ብሶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ። እኛም አዋሽ ላይ ቤት ውስጥ መተኛት ፈርተን ደጅ እናድር ነበር። የጎረቤቴ የአፋሯ እናት ምንጣፍና የእኔ ምንጣፍ ጎን ለጎን ናቸው። እርሷ ሙስሊም ናት። ብዙ ዓመት ጨውና በርበሬ ስንበዳደር፣ ልጆቻችንን አንዳችን ለሌላችን ትተን ገበያ ስንሄድ ኖረናል። አንድ ሌሊት፣ በጥር መጀመሪያ፣ የባለቤቴ ሬዲዮ ስለ ጋዛ የተኩስ አቁም ድርድር ሲናገር ዝም ብላ ሰማችና እንዲህ አለችኝ፦

«እህቴ፣ የቸርቻችሁ ድምፅ ማጉያ ቤቴ ድረስ ይሰማል። ለእስራኤል ትጸልያላችሁ። ለጋዛ ልጆችስ?»

«ለሁሉም እንጸልያለን» አልኳት ፈጠን ብዬ። ይህን ስናገር እውነት እንዳልሆነ ልቤ ያውቃል። እስከዚያች ሌሊት ድረስ አንድም ቀን አልጸለይንም።

ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ከእነርሱ፣ ከአይሁዶቹ፣ የምታውቂው ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። ይኸኛው ሁለተኛው ውሸቴ ነው። ዶሮ አልጮኸም እንጂ በዚያች ሌሊት የጴጥሮስ እንባ ምን እንደሚመስል ገባኝ። እኔ አንዲት አውቃለሁና።

እህቶቼ፣ የተወለድሁት ጎንደር አጠገብ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ የሚባል መንደር አለ፤ ያኔ «የፈላሾች መንደር» ይባል ነበር። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ብለው ይጠራሉ፤ «ፈላሻ» ሌላው ያወጣላቸው፣ አገርና ርስት የሌለው መጻተኛ የሚል ስድብ ያዘለ ስም ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት አብዛኞቹ የመሬት ባለ ርስት አልነበሩም፤ የሰው መሬት ያርሱ ነበር፤ የእጅ ሙያቸውም መተዳደሪያቸው ሆነ። እነርሱ የኦሪቱን የመንጻት ሥርዓት ስለሚጠብቁ ከሌላው ጋር መነካካትን ይጠነቀቃሉ፤ ሌላው ደግሞ እነርሱን ይፈራል። ሴት አያቴ ጀበናውንና ምጣዱን ከእነርሱ ትገዛለች። ማታ ግን ለእኛ ለልጆቹ «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ትለናለች። በሠሩት ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ እየበላን የሠሩትን ሰዎች እናማለን።

በክፍላችን ከዚያ መንደር የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። አጠገቧ የሚቀመጥ የለም። አንድ ቀን ሆዴን ታመምሁ። ቤት ውስጥ «ማን ነው ያያት? ማን ነው የበላት?» ሲባል ስሟን ጠራሁ። በማግስቱ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ይዘው እስከ መንደሯ መንገድ አባረሯት። እኔ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣችም። በ1982 ዓ.ም. ቤተሰቡ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ ተባለ፤ በግንቦት 1983 ደግሞ ወለቃ ባዶዋን ቀረች።

የቀረውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1977 ዓ.ም. «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤል ከሱዳን መጠለያዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ። እዚያ ለመድረስ ከጎንደር በእግራቸው ሲጓዙና በመጠለያዎቹ ውስጥ ሲጠብቁ ወደ 4,000 የሚሆኑ በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ እጅ አለቁ። ለእነዚህ ሰዎች በኢየሩሳሌም የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ «የሰሎሞን ዘመቻ» ከ14,000 በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ አሻገረ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከእነዚያ 14,000 መካከል አንዲቱ የክፍሌ ልጅ ሳትሆን አትቀርም።

እኔ ከዚያ በኋላ ጌታን ተቀበልሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገብቼ የሮሜን መልእክት ተማርሁ፤ በምዕራፍ 9 እስከ 11 ላይ የጻፍሁት ወረቀት ጥሩ ማርክ አምጥቶልኛል። ስለ ጽዮን የሚዘመሩ መዝሙሮችን እጄን አንሥቼ ዘምሬአለሁ። በአንዳንድ ስብሰባዎቻችን የእስራኤል ባንዲራ ሲውለበለብ፣ ቀንደ መለከት ሲነፋ አብሬ እልል ብያለሁ። ያቺን ልጅ ግን አንድ ቀን በጸሎቴ አላነሣኋትም። ሩቅ ያለችውን ጽዮን ወድጄ ወንበር የተጋራችኝን የጽዮንን ልጅ አስወግሬአለሁ። እንግዳው ዛፍ እኔ ነበርሁ።

እህቶቼ፣ ለአይሁድ ሕዝብ መጸለይ ከዚህ ካልጀመረ ከየት ይጀምራል? ጳውሎስ በሮሜ 9፥1-3 ስለ ወገኖቹ በልቡ ስላለው የማያቋርጥ ጭንቀት ይናገራል፤ በ10፥1 ደግሞ ስለ መዳናቸው እንደሚለምን ይነግረናል። ይህ ሰው በገዛ ወገኖቹ እጅ አምስት ጊዜ የተገረፈ መሆኑን አስቡ (2ቆሮ 11፥24)። ለእነርሱ ሲጸልይ የቆሰለ ጀርባውን ይዞ ነው። ጸሎቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ደጋፊነትም ፉክክርም የለበትም። እኛ ግን አንዳንዴ ለእስራኤል የምንጸልየው እግር ኳስ ቡድን እንደሚደግፍ ሰው ነው።

አምልኮንስ ቢሆን ከእነርሱ የምንማረው አለ። ቤተ እስራኤል በጎንደር ሳሉ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወር አካባቢ፣ ስግድ የሚባል በዓል ያከብሩ ነበር። ስሙ ራሱ «ሰገደ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ከማስተስረያው ቀን በኋላ ሃምሳ ቀን ቆጥረው፣ ጾመው፣ ታጥበውና ነጭ ለብሰው ከየመንደሩ ይሰበሰባሉ። አምቦበር በተባለችው መንደር ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ከፊት እየመሩ ተራራ ይወጣሉ። በዚያ በዕዝራና በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ኃጢአቱን ተናዝዞ ኪዳኑን እንዳደሰ የሚናገረው ቃል በግዕዝ ይነበባል። ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ይሰግዳሉ፤ ከዚያም ወርደው አብረው ይበላሉ፣ ይደሰታሉ። ይህን ሲያደርጉ ኢየሩሳሌምን በዓይኑ ያየ ከመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ፓርላማ ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጎታል፤ ዛሬም ቄሶቹ በኢየሩሳሌም ላይ ቆመው በግዕዝ ይጸልያሉ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። መጀመሪያ ኑዛዜ፣ ቀጥሎ ስግደት፣ ከዚያ ማዕድና ደስታ። የእኛ አምልኮ ብዙ ጊዜ ከደስታው ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ኪቦርዱና ከበሮው መልካም ናቸው፤ ጌታን በደስታ ማመስገን ቃሉም ያዘናል። ነገር ግን ጉልበቱ ያልተንበረከከ ዝማሬ ጩኸት ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በሐቀኝነት ልጨምር። እኛ ወንጌላውያን ከቤተ እስራኤል ጋር የቆየ ታሪክ አለን። ማርቲን ፍላድና ሄንሪ ስተርን የተባሉ ሚስዮናውያን በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መጥተው በመካከላቸው ወንጌልን ሰብከዋል። ንጉሡ የሚያምኑት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ስላዘዙ የፕሮቴስታንት ማኅበር አልተመሠረተም። ስተርን በኋላ ታስሮ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ክርስትናን የተቀበሉት ሰዎች ልጆች ግን በሁለት ወገን ተጎዱ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው «ፈላሻ» ማለታቸውን አልተዉም፤ የቀድሞ ወገኖቻቸው ደግሞ «ተለይታችሁ ሄዳችኋል» አሏቸው። ዛሬም በጎንደርና በአዲስ አበባ ወላጆቻቸውና ወንድሞቻቸው በእስራኤል ያሉ፣ እነርሱ ግን ለብዙ ዓመታት ተራ የሚጠብቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ። አጠምቀን ተቀብለናቸው ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም በእውነት ወንድም ብለን ማዕድ አቅርበንላቸው ቢሆን ኖሮ፣ በመካከል ይቀሩ ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ለራሳችን እንጠይቅ።

በእስራኤል ያሉትም ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። በቆዳችን ቀለም እንበደላለን ብለው በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥተው ጮኸዋል። መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐማስ ጥቃት ባደረሰ ጊዜ ወደ 1,200 ሰዎች ተገድለው 251 ሲታገቱ፣ በዚያ ጦርነት ውስጥ የእኛን ቋንቋ የሚናገሩ እናቶች ልጆቻቸውን ቀብረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ጋዛ ገብቶ የቀረ ኢትዮጵያ የተወለደ ወጣት እናቱ ከአሥር ዓመት በላይ ስትጠብቀው ኖራ በየካቲት 2017 ተፈትቷል። በሌላው ወገን ደግሞ በጋዛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም እጅግ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። በመስከረም 2018 መጨረሻ ተኩስ ይቁም ተብሎ በጥቅምት መጀመሪያ በሕይወት ያሉት ታጋቾች ሁሉ ተለቀቁ። የራሔል ለቅሶ (ኤር 31፥15) በሁለቱም ወገን ተሰምቷል። እግዚአብሔር አንዱን እንባ ከሌላው አይመርጥም።

ሰመራ ስንደርስ ይህን ሁሉ ለእህቶች ተናገርሁ፤ የክፍሌን ልጅ ነገርም ሳልሸሽግ። ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ስጨርስ ከኋላ አንዲት እህት ተነሣች። «የባለቤቴ እናት ቤተ እስራኤል ናቸው» አለች። «አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ኅብረት ውስጥ ሳገለግል ለማንም አልተናገርሁም። ልጆቼን እንዳትሸሹብኝ ፈርቼ ነው።» ይህን ብላ ቁጭ አለች።

ማንም አልተናገረም። ከአጠገቧ የነበረች፣ ዘወትር ቡና አብራት የምትጠጣ እህት መሬት መሬቱን ታያለች። መዝሙር መሪዋም ምን እንደምትጀምር አላወቀችም። ከዚያ አንዲት አሮጊት እናት ቀስ ብለው ከወንበራቸው ወርደው በምንጣፉ ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ሌሎቻችንም ተከተልን። በዚያ ቀን ሙዚቃ አልነበረም። በሕይወቴ ከተካፈልኋቸው አምልኮዎች ግን አንዱ ነው፤ አልረሳውም።

ታዲያ እንዴት እንጸልይ? ለእህቶች የሰጠኋቸውን አራት ነጥብ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በንስሐ እንጀምር። በቤታችን «ቡዳ»፣ «ጠይብ»፣ «ፈላሻ» እየተባለ የሚነገረውን ተረት በልጆቻችን ፊት እናፍርስ። ተረቱን ያስተማርነው እኛ እናቶች ነን፤ የምናፈርሰውም እኛው ነን።

ሁለተኛ፣ በምስጋና እንጸልይ። ሕጉና ነቢያቱ፣ መዝሙረ ዳዊትም፣ በሥጋ ደግሞ ጌታችን ራሱ ከእነርሱ ወጥቶ ነው ወደ እኛ የደረሰው (ሮሜ 9፥4-5)። የጠጣንበትን ምንጭ አንናቅ።

ሦስተኛ፣ የኢየሩሳሌምን ሰላም ስንለምን (መዝ 122፥6) በከተማዋና በዙሪያዋ ለሚኖሩት ሁሉ እንለምን። ለአይሁዱ መዳንና ደኅንነት መጸለይ ለፍልስጥኤማዊው ልጅ ከመጸለይ አያግድም። መንግሥታት ለሚያደርጉት ሁሉ አሜን እንድንልም አያስገድድም። ነቢያቱ እስራኤልን የወደዱ ነበሩ፤ በደሏንም የገሠጹ እነርሱ ነበሩ።

አራተኛ፣ ጸሎታችንን እግር እናብጅለት። በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ የምትኖሩ፣ በመጠበቅ ላይ ያሉት ቤተሰቦች ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ጠይቋቸው፤ ቡና አፍሉላቸው፤ ሊያስተምሩን የሚችሉትንም አድምጡ።

ከሰመራ በተመለስሁ ማግስት ጎረቤቴ ጋ ሄድሁ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት መልካም ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ፤ ውሸት ዳጉ ማቀበል ትልቅ ነውር ነው። «ባለፈው ዓመት ደጅ ባደርንበት ሌሊት የሰጠሁሽ ዳጉ ውሸት ነበር» አልኳት። ስለ ጋዛ ልጆች እንዳልጸለይን፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን እንደጀመርሁ ነገርኳት። ስለ ክፍሌ ልጅም ነገርኳት። የፍየል ወተት በጽዋ ቀድታ ሰጠችኝና እስክጠጣ ጠበቀች።

«ልጅቱን አገኘሻት?» አለችኝ።

አላገኘኋትም። በሕይወት ትኑር አትኑር፣ የት ከተማ እንዳለች፣ ስንት ልጅ እንደወለደች አላውቅም። ምናልባት በየዓመቱ ስግድ ሲሆን በኢየሩሳሌም ከሚቆሙት ነጭ ለባሾች መካከል ትሆናለች። ጌታ ግን ያውቃታል። አሁን ለአይሁድ ሕዝብ ስጸልይ ከእርሷ እጀምራለሁ፤ ስሟን ጠርቼ። ያን ጊዜ ስሟን የጠራሁት ልትወገር ነበር፤ አሁን የምጠራው እንድትባረክ ነው።

ጌታ ሆይ፣ በጸጋህ በመልካሙ ወይራ ያስገባኸን የበረሃ ቅርንጫፎች ነን። ከመመካት ጠብቀን። የያዕቆብን ልጆች አስብ፤ በአዋሽ ዳር አብረውን የሚኖሩትን የእስማኤልን ልጆችም አስብ። በመካከላቸው ጥላ እንድንሆን እርዳን፤ እሾህ አታድርገን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።